ያለ ዋስ

አርቪን ማካራዬግ ሮዳሊን ቱፓስን ያገኛት ፍሪዘር ውስጥ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። ሌላው ሰው ሠርግ ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ይተያያል። እነዚህ ሁለቱ ግን የተያዩት በዓሣና በበረዶ መካከል ነው፤ ያውም በረዶ ለማንም በማይቸግርበት በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ፣ በጥር ወር።

የተጠራው የአክስቷን ፍሪጅ ሊጠግን ነበር። ታችኛው ክፍል አልቀዘቅዝ ብሎ፣ ላይኛው ደግሞ በረዶ ተጋግሮበት ቤተሰቡን አስቸግሯል። አርቪን ምድር ቤት ወርዶ ፍሪዘሩን ማራገፍ ሲጀምር ከዓሣው ሥር አንድ ሳህን ወጣ። ሳህኑ ውስጥ ድንጋይ የሆነ በረዶ፣ በረዶው ውስጥ ደግሞ ክሬዲት ካርድ አለ።

«አቴ፣» አላት ሳህኑን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ታላቅ እህት አክብሮ። «ይኼ ለምሳ ነው ለራት?»

ሮዳሊን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲሆን የማታ ተራዋ ሊደርስ ነው።

«አቴ አትበለኝ፤ በዕድሜ ሳትበልጠኝ አትቀርም። እሱን ደግሞ መልሰህ አስቀምጥ።»

«ምን ቢያደርግሽ ነው እንዲህ ያሰርሽው?»

«ምንም እንዳያደርገኝ ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሮዳሊን ከፊሊፒንስ፣ ከኢሎይሎ የባሕር ዳር መንደር ከመጣች ወዲህ ቤት ልትከራይ በሄደችበት ሁሉ የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የብድር ታሪክሽ የታለ? ባንክ ሄደች። የራሷን ገንዘብ ማስያዣ አስይዛ ካርዱን እንድትወስድ መከሯት፤ በጥቂት ወራት ታሪክ ይኖርሻል አሏት። ወሰደች። ከዚያም እጄ ይቅበጠበጥና እበደርበት ይሆናል ብላ ውሃ ውስጥ ነክራ አቀዘቀዘችው። አንድ ቀን እንኳ ሳትነካው ከቆየች በኋላ ንጽሕናዋን ልታሳይ ባንክ ብትመለስ፣ ሰውየው ኮምፒውተሩን አይቶ ምንም የለም አላት። የአገሯ ሰው ዕዳ የሌለበትን ጨዋ ይለዋል፤ እዚህ አገር ደግሞ ዕዳ የሌለበት ሰው ገና አልተወለደም።

አርቪን ይህን ሲሰማ እየሳቀ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። እሷ አልሳቀችም።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልበደር?»

«ቡና ግዢበት። ቀኑ ሳያልፍ መልሰሽ ክፈዪ። በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው።»

«ያለኝን ገንዘብ ትቼ በሌለኝ ቡና ልጠጣ?»

«አዎ። እዚህ የሚታመነው ያልተበደረ ሳይሆን ተበድሮ የመለሰ ነው።»

«ያበደ አገር።»

«ማበዱንስ አብዷል፤ ቡናው ግን ትኩስ ነው። ልጋብዝሽ?»

ሮዳሊን ቀና ብላ አየችው። «አንተ አትጋብዘኝም። ከጋበዝኩ እኔ ነኝ የምጋብዝህ፤ በዚህ ካርድ።»

ካርዱ ግን ገና በረዶ ውስጥ ነው። በሙቅ ውሃ እናቅልጠው ሲላት ይሰነጠቃል ብላ ከለከለችው። ሳህኑን መካከላቸው አስቀምጠው ጠበቁ። እሱ ፍሪጁን ጠግኖ ጨርሷል፣ እሷም ጫማዋን አስራ ጨርሳለች፤ ሁለቱም ግን መሄጃ እንደሌለው ሰው ቁጭ አሉ። አንዴ እሱ ሲያያት ዓይኗን ወደ ሳህኑ መለሰች፤ አንዴ እሷ ስታየው እሱ መፍቻውን ያለ ምክንያት ጠረገ። የካርዱ ጫፍ ብቅ ሲል ሁለቱም ትንሽ ከፋቸው።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ሳርጀንት መንገድ ላይ ቡና ይጠጣሉ፤ ከፋዩ ካርዷ ነው፤ በማግስቱ ዕዳዋን ትመልሳለች። አርቪን ስልክ ሲደውልላት ጤና ይስጥልኝ ማለትን ተወው።

«ዕዳሽ እንዴት አደረ?»

«ተከፍሎ አደረ።»

ፍቅር በዚህ ይጀመራል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ግን ተጀመረ።

አንድ ዓርብ ስለ አባቷ ነገረችው። «የእናቴ ወንድም ሞተር ሲገዛ አባቴ ዋስ ሆኖ ፈረመለት። አጎቴ ጠፋ፣ ጀልባችን ተወሰደ። አባቴ እስኪሞት በሰው ጀልባ ዓሣ አጠመደ። ሞኝ ነበር። እኔ ለማንም ዋስ አልሆንም፣ ማንም ዋስ እንዲሆነኝም አልፈልግም።»

«እኔ ብፈርምልሽስ? እዚህ ነው ያደግኩት፤ ስሜ ንጹሕ ነው።»

«በስምህ ቤት ብገባ ቤቱ ያንተ ነው። እኔ የምፈልገው በስሜ የምከፍተው በር ነው።»

አርቪን አልተከራከራትም። እጇን ያዘ፤ እሷም አልነጠቀችውም።

ችግሩ የአርቪን እናት ነበሩ። ቲታ ፍሎርደሊዛ፣ ሰው ሁሉ አክብሮ አክስቴ የሚላቸው፣ የሰፈሩ እቁብ ዳኛ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ቤታቸው ተሰብስበው ፓንሲት የሚሉትን ቀጭን ፓስታ እየበሉ እቁባቸውን ይጥላሉ። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ደግሞ ከዕቃው ሁሉ በፊት ሩዝና ጨው ይዘው የሚገቡት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ጓዳ ይሞላል ይባላል። ሮዳሊንም የእቁቡ አባል ሆናለች። ቲታ ፍሎርደሊዛ ግን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «አዲሷ» ይሏታል።

የልጃቸውንና የሮዳሊንን ነገር የሰሙ ዕለት ሳህን እያደሉ፣ ሁሉም እየሰማ ጠየቁ።

«አዲሷ፣ ቤት እየፈለግሽ ነው አሉ። መቼ ነው ሩዝና ጨው ይዤ የምመጣው?»

«ሳገኝ እነግርዎታለሁ፣ ቲታ።»

«ልጄ ሲፈርምልሽ በይኛ። አሁን አሁን የሚመጡት ልጆች ባል አይደለም የሚፈልጉት፤ ፊርማ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ሮዳሊን ሳህኗን በእርጋታ አስቀመጠች።

«ልጅዎን እወደዋለሁ። ፊርማውን ግን ለራሱ ያስቀምጠው። ስሜን ይዤ እስክመጣ አላገባውም። ያን ቀን ግን በሬን የሚያንኳኩት እርስዎ ነዎት።»

እቁቧንም ጣለች፤ ፓንሲቷንም ጨርሳ በልታ ወጣች።

በጸደይ አክስቷ ቤቱን ሸጠች። ሮዳሊን የአንዲት ባልቴት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አግኝታ ነበር። ባልቴቷ ወይዘሮ ሃሊና ይባላሉ፤ ወረቀቷን ደጋግመው አገላበጡ።

«ሥራ አለሽ፤ ጨዋም ትመስያለሽ። ታሪክሽ ግን ገና ጥቂት ወር ነው። ዋስ አምጪ።»

«ታሪክስ አለኝ፤ እዚህ አልተጻፈም እንጂ።»

«እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው፣ ልጄ።»

የአክስቷ ቤት ገዢ ቁልፉን ሊረከብ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ሮዳሊን እንቅልፍ አጥታ አሰበች፣ ኩራቷን ዋጠች፣ ወደ አርቪን ሄደች። በሕይወቷ እንደዚያ የከበዳት ንግግር አልነበረም።

«ለአንድ ዓመት ብቻ። ከዚያ ስምህን አወጣዋለሁ። ትፈርምልኛለህ?»

አርቪን ገርጥቶ ቆመ።

«አልችልም፣» አለ በመጨረሻ።

«እናትህ ናቸው?»

ዝም አለ። ዝምታውን እሷ በራሷ መንገድ ተረጎመችው። በማግስቱ ስልኳ ቢጮህ አላነሳችም። ዕዳዋ እንዴት እንዳደረ የሚጠይቃት ሰው አያስፈልጋትም ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ አላመነችም እንጂ።

ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በአንድ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ ገባች። ሙቀትና ብርድ ተፈራረቁባት። በካርዱ ሳሙና ትገዛለች፣ ትከፍላለች፤ የአውቶቡስ ወርሃዊ ትገዛለች፣ ትከፍላለች። ባንኩ ያስያዘችውን ገንዘብ መልሶ ያለ ማስያዣ ካርድ ሰጣት። ከእቁቡ ግን አልወጣችም። እንዲያውም እሑድ እሑድ ቲታ ፍሎርደሊዛ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር መርጣ ትቀመጣለች። ጠፋች እንዲሉላት አልፈለገችም። አርቪን እዚያ አልነበረም፤ ወደ በሩ ማየቷን ግን አልተወችም። ይናፍቃት ነበር፤ ንዴቷም ናፍቆቷን አላስታገሰላትም።

በዓመቱ የወይዘሮ ሃሊና ፎቅ እንደገና ተለቀቀ። ሮዳሊን ወረቀቷን ይዛ ቀረበች።

«ዋስሽ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ባልቴቷ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከዚያ ውሉን አውጥተው ብዕሩን ሰጧት። የቀረው የመጀመሪያው ኪራይና ማስያዣ ነው፤ ለእሱም የሚቀጥለው የእቁብ ተራ የሮዳሊን ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ያን እሑድ ቲታ ፍሎርደሊዛ ፓንሲቱን ሳያድሉ ተቀመጡ። ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር።

«ይኼን ተራ ለኔ ልቀቁልኝ፣» አሉ። «ወንድሜ የጭነት መኪና ሲገዛ ልጄን አስፈረምኩት። ፈርምለት፣ አጎትህ ነው አልኩት። ወንድሜ መኪናውን ይዞ ጠፋ። ይኸው ካምና ጀምሮ ባንክ የሚያሳድደው ልጄን ነው። ስሙ ተበላሽቷል። ሥራ ላይ ነው የሚያድረው።»

ቲታ ፍሎርደሊዛ ወደ ሮዳሊን ዞሩ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ተራው ያንቺ ነው፣ አዲሷ። ትወጂው አልነበር?»

ሮዳሊን ጊዜውን አሰላች። ካምና ጀምሮ። አልችልም ያላት ያኔ ነው። የሚፈርምበት ስም አልነበረውም፤ ቢፈርም ኖሮ ወይዘሮ ሃሊና በሩን በፊቷ ይዘጉት ነበር።

«አሁንም እወደዋለሁ፣» አለች። «ተራዬን ግን አልለቅም።»

«አትለቂም?»

«አልለቅም፣ ቲታ። አንዱ ይፈርማል፣ ሌላው ይከፍላል፣ ያጠፋው ሰውዬ እንቅልፉን ይተኛል። አባቴ በዚህ ነው የሞተው። ወንድምዎን ፈልገው ያስከፍሉ። እኔ ቤት ልከራይ ነው።»

አንዷ ሴት ጨካኝ ነሽ አለቻት፤ ሌላዋ ደግሞ እውነቷን ነው አለች። ቲታ ፍሎርደሊዛ የሮዳሊንን ተራ ቆጥረው በእጃቸው ሰጧት።

አርቪንን ያገኘችው አንድ ሱቅ ውስጥ፣ የአይስክሬም ማቀዝቀዣ ሥር ተንበርክኮ ነው። ከስቷል። ሲያያት መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ለማን እንደፈረመ ማወቋን ከፊቷ አነበበው። «አፈርኩ፣» አላት። «አባትሽ ሞኝ ነበር ብለሽ ነግረሽኛል። እኔም ያንኑ ሞኝነት ሠርቼ ፊትሽ መቆም አቃተኝ። ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም።»

ጀልባው ሲወሰድ አባቷ ውሃው ዳር ቆሞ እንደነበር ለሮዳሊን ትዝ አላት። ያኔ አጎቷን አልረገመም።

«አባቴ ሞኝ አልነበረም፣» አለች ቀስ ብላ። «ሰው አመነ። ጥፋቱ የአማኙ አይደለም። ያንተም አይደለም።»

አርቪን ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እሷ እስኪረጋጋ ጠበቀችው።

«ቤት ተከራይቻለሁ። በስሜ።»

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«እንኳን ደስ አለሽ አይበቃኝም። ፍሪጁ አሮጌ ነው።»

«መጥቼ ልጠግንልሽ?»

«ጠግነህ የምትሄድ ከሆነ አትምጣ።»

አርቪን ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አያት። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዎች አግቢኝ እያላት መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ።

«ስሜ እስኪጸዳ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ሮዳ። ውሉ ላይ ልፈርም አልችልም።»

«ማን ፈርም አለህ? ዕዳህን ራስህ ትከፍላለህ፤ እኔ ዋስ አልሆንህም። ቤተ ክርስቲያን እንጋባለን፤ ማታ ማታ ግን የምትገባው በሮዳሊን ቱፓስ በር ነው። ካልተመቸህ አሁን ንገረኝ።»

«ዕዳሽ እንዴት አደረ?» አላት።

«ተከፍሎ አደረ፤ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ፣» አለችው።

የሠርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ሮዳሊን ፎቁን ተረከበች። ዕቃዋ ገና ከታች መኪናው ላይ ነበር። ባዶ ክፍሏ መሐል ቆማ በሩ ሲንኳኳ ሰማች።

ቲታ ፍሎርደሊዛ ናቸው። የሰንበት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ሩዝ በሌላው ጨው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ደረጃውን በፍጥነት ስለወጡ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ወደ ውስጥ ግን አንድ እግር አላነሱም።

«ዕቃ አልገባም አይደል?» አሉ።

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ደርሻለሁ።» ሩዙን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ልግባ?»

ሮዳሊን በሩን እንደያዘች ቆየች። ያን እሑድ የሳቁባት ሴቶች፣ ተደራራቢው አልጋ፣ የዝምታው ዓመት ሁሉ በዓይኗ አለፈ። ይቅርታ እንዲሏት አልጠበቀችም።

«የማን ቤት እንደመጡ ያውቃሉ፣ ቲታ?»

አሮጊቷ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፤ እሳቸውም የዋዛ ሰው አልነበሩም።

«የሮዳሊን ቱፓስ ቤት ነው፣» አሉ።

«ይግቡ፣» አለች ሮዳሊን፤ በሩንም እስከ መጨረሻው ከፈተችላቸው።