አልቀመጥ ያለው ፋይል

ፍቅር ለመግባት በርና መስኮት አይመርጥም ይባላል። ወደዚህች ልጅ ሕይወት የገባው ግን በኮምፒውተር ብልሽት በኩል ነበር።

ልጅቷ በአክስቷ ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ናት። የመጽሐፍ ሽፋን፣ ፖስተር፣ የቀን መቁጠሪያ ትሠራለች። ወንበሯ ከመስኮቱ ሥር ነው። ከግድግዳው ማዶ የማተሚያ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ክፍሉን የቀለምና የአዲስ ወረቀት ሽታ ይሞላዋል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ገልጦ ቢያልም አይፈረድበትም።

አንድ ጠዋት ስታሳምረው የቆየችውን ሽፋን ላስቀምጥ ብትል ፕሮግራሙ «ይህን ፋይል ለማስቀመጥ ፈቃድ የለዎትም» አላት። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። በሌላ ስም አስቀምጣ መገላገል ትችል ነበር፤ ግን አክስቷ ይህን አጥብቃ ከልክላለች። ቀደም ሲል ሁለት ፋይል ተምታቶ ያልታረመው መጽሐፍ ታትሞ አርፎታል። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ «ለአንድ ሥራ አንድ ፋይል» ሆነ።

ስለዚህ ኮምፒውተር ጠጋኙ ተጠራ። ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያውቅ፣ እርጋታው ሰው የሚያስተኛ ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ፋይሎቹን አገላበጠ።

«‹ለማንበብ ብቻ› ተብሏል» አላት። «ታይዋለሽ እንጂ አትነኪውም ማለት ነው።»

«ማን አለው?»

ከፋይሉ ላይ ያን ምልክት አነሳና ቀና ብሎ አያት። «እንጃ» አለና ፈገግ አለ።

ለምን ፈገግ እንዳለ አልገባትም። ፈገግታው ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኗ ሳይጠፋ ዋለ።

በማግስቱ ፋይሉ እንደገና አልቀመጥ አለ። «ሐኪሙን ጥሪው፤ በሽታው አገረሸ!» አለች አክስት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። ሐኪሙ መጣ፣ ከፈተ፣ ሄደ። ጠዋት ሲሆን ያው ተዘግቶ ይገኛል። ቀናቱ እንዲህ አለፉ። ሥራው ትንሽ ነው፤ እሱ ግን ቀስ ይላል፤ እሷም አታስቸኩለውም። ሽፋኖቿን እያየ «ይህ ሰማያዊ የዝናብ ማግስት ይመስላል» ሲላት ያን ሰማያዊ ሳምንቱን ሙሉ በየፖስተሩ ላይ ስትቀባው ሰነበተች። አንዳንዴ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከማሽኑ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም፤ ዝምታው ደግሞ ከወሬው ይጥማታል።

ምልክቱን ሲያነሳ ደጋግማ ስላየች ዓይኗን ጨፍና ልታደርገው ትችላለች። ጠዋት ጠዋት ግን እጇ ወደ ስልኩ እንጂ ወደዚያ አይሄድም።

አንድ አመሻሽ ላይ ሻርፗን ረስታ ብትመለስ አክስቷን ኮምፒውተሩ ላይ አገኘቻት። መሳቢያውንና ቁም ሣጥኑን ቆልፋ ወደ ፋይሎቹ ዞራ በየአንዱ ላይ «ለማንበብ ብቻ» የሚለውን ምልክት ታደርጋለች።

«እቴቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየቆለፍኩ ነዋ! የድሮው ዲዛይነር ሊለቅ ሲል ያሳየኝ ነው። ሥራ ክፍቱን አያድርም። ጠዋት አንቺ የይለፍ ቃልሽን ስታስገቢ ይከፈታል።»

አይከፈትም። ልጅቷ ልትናገር አፏን ከፈተች። ወዲያው ደግሞ ከተናገረች ወጣቱ ነገ እንደማይመጣ ታያት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ራሷን አጽናንታ ሻርፗን ይዛ ወጣች።

የአክስቷ አፍ ግን ዝም የሚል አልነበረም። «ያ ልጅ የጠገነው አያድርም» እያለች ለጎረቤት ፎቶ ቤትና ለጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ አዳረሰችው። ልጅቷ እየሰማች አንገቷን ደፋች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ሥራውን ጨርሶ ከወንበሩ ሳይነሳ ቀረ።

«ከእንግዲህ አልመጣም» አላት። «ፎቶ ቤቱም መደብሩም ሌላ ጠጋኝ ይዘዋል። እዚህ ሰፈር ስሜ ጠፍቷል። እህቴ ካለችበት ከተማ ሄጄ ልሞክር ነው።»

በዚያው ቅጽበት አክስት ገባች። «አሁንም አልዳነም? ምን ዓይነት ሐኪም ነው የመጣብን!»

«እቴቴ፣ የምትዘጊው አንቺ ነሽ።»

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። እሷ ግን አላቆመችም። «ማታ የምትቆልፊው ጠዋት በራሱ አይከፈትም። በየቀኑ ሲከፍትልሽ የኖረው እሱ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

«እንዲመጣ ፈልጌ ነው» አለች፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ስምህ ሲነሳ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። ይቅር በለኝ።»

ወጣቱ ግን ስለ ስሙ ያሰበ አይመስልም። እንደ ልጅ ቅር አለው።

«ታዲያ አንቺ አልነበርሽም የምትዘጊው?»

«እኔ?»

«እኔ እኮ... እኔን ለመጥራት ሆን ብለሽ የምትዘጊው መስሎኝ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን። እትዬ ፊት እንዳላጋልጥሽ ብዬ ነው ስሜ ሲጠፋ ዝም ያልኩት።» በራሱ አፍሮ ሳቀ። «ለካ ብቻዬን ነው ያለምኩት።»

«አልዘጋሁም» አለች። «መክፈት ግን አውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩም።»

ይህን ሲሰማ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ማንም ቀድሞ አላቀረቀረም።

አክስት መነጽሯን አወለቀች። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ያጠፋሁት እኔ፣ የታማው የሰው ልጅ! ይቅር በለኝ ልጄ።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «ባጠፋሁበት አፌ ሄጄ ላቃናው። ፎቶ ቤቱ ሳይዘጋ።» ወጣች፤ ከበሩ ተመልሳ «አንተ ደግሞ የትም እንዳትሄድ!» አለችው።

የከሰዓቱ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ እጆች መካከል አረፈች።

«እንግዲህ የሚበላሽ ነገር የለም» አለች ቀስ ብላ።

«የለም።»

«ነገስ?»

ትንሽ አሰበ። «ነገ ሥራ ስትጨርሺ እመጣለሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ጠብቂኝ።»

ሽፋኑን አስቀመጠችው፤ ፋይሉም እሺ አለ። ነገን ግን አልጠበቀችም። እጇን ዘርግታ ኮምፒውተሩን ያኔውኑ አጠፋችው።