በምስክር አፍ የማይደገም ቃል

ንጉሡ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ፈንጣጣው ከተማይቱን አራግፎ ካለፈ በኋላ፣ የችሎቱ ግቢ ገና በማለዳ በሰው ተሞልቶ ነበር። የሸክላ ሠሪው ሚስት ከበሩ እስከ ግንቡ ጥግ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች፤ ትቀመጣለች፤ እንደ ተቀመጠችም ትነሣለች። እጇ ሥራ መፍታት ስለማያውቅ የሻሿን ጫፍ እንደ ጭቃ ታሸዋለች። ባሏ በዚያን ዕለት ምላሱን ሊያጣ ነውና ምድር ቁና ሆናባታለች።

ነገሩ የተነሣው ከመቃብር ነው። የአምስት ዓመት ልጃቸው በፈንጣጣው ሞታ ስትቀበር፣ ሸክላ ሠሪው ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ወደ ሰማይ አንድ ነገር ተናገረ። በቅርብ የሰሙት ሚስቱና መቃብር ቆፋሪው ብቻ ነበሩ፤ ወሬው ግን ገበያ ሳይደርስ እጅና እግር አወጣ፤ ከሃይማኖት ሹሙ ደጅ ሲደርስም ጢም አብቅሎ ነበር።

በዚያ ዘመን ሕግ ፈጣሪን የሰደበ ምላሱ ይቆረጣል፤ የስድቡን ቃል የደገመም፣ ምስክርም ቢሆን፣ እንደ ተሳዳቢው ይቆጠራል። ስለዚህ ምስክር ቃሉን አይናገርም፤ መዳፉን በአፉ ላይ ጭኖ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህም መሰከረ ይባላል። ሕጉን ያወጡት ሊቃውንት የሕዝቡን ጆሮ ከርኩሰት እንጠብቅ ብለው ነበር፤ ሰውየው ምን ብሎ እንደ ተከሰሰ በምን ይታወቃል የሚለውን ግን አላሰቡበትም፤ ቢያስቡበትም እንቅልፍ አልነሣቸውም።

የባሏ ታላቅ ወንድም ከኋላዋ ደርሶ ክንዷን ያዘ።

«ተቀመጪ እስቲ፤ ሰው እያየሽ ነው።»

«ጋሼ፣ ያለውን ብናገር እኮ ይለቁታል።»

«አብደሻል እንዴ? አንቺ ከተናገርሽ የሁለት ሰው ምላስ ነው የሚሄደው። ዝም በይ። እሱ በእጁ ያድራል፤ ሸክላ ምላስ አይፈልግም።»

«የልጃችንን ስምስ በምን ይጥራ?» አለችው። ሰውየው ክንዷን ለቀቀ።

ታላቁ ዳኛ ተሰየሙ፤ በቀኛቸው የሃይማኖት ሹሙ ተቀመጠ፤ ሸክላ ሠሪውም እጁን ታስሮ በሁለት ዘበኞች መካከል ቆመ። መጀመሪያ መቃብር ቆፋሪው ተጠርቶ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ መዳፉን በአፉ ላይ ጫነ። ቀጥላ ጎረቤታቸው ውኃ ቀጂዋ ወጣች። ይህች ሴት በቀብሩ ዕለት እንስራዋን ተሸክማ ከመቃብሩ በር ውጭ የቆመች ናት፤ እርሷም እንደ ፊተኛው መዳፏን ጫነችና አንገቷን ዝቅ አደረገች። የሸክላ ሠሪው ሚስት ይህን ስታይ ደሟ ፈላ፤ እግሯም ሳታዝዘው ወደ ፊት ወሰዳት።

«ጌታዬ፣ እኔም ምስክር ነኝ።»

«እንግዲያው መዳፍሽን ጫኚ» አሉ ዳኛው።

«አልጭንም ጌታዬ። ቃሉን እናገራለሁ።»

የሃይማኖት ሹሙ «ጆሮአችሁን ያዙ!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው ሁሉ ጆሮውን ያዘ፤ በጣቶቹ መካከል ለመስማት ያልሞከረ ግን አልነበረም።

«ሕጉን ታውቂያለሽ?» አሉ ዳኛው።

«አውቃለሁ። ጌታዬ፣ እኛ ሸክላ ስንተኩስ እሳቱ እንዳይጠፋ ሌሊቱን ተራ እየገባን እንጠብቃለን። የደከመው ሌላውን ይቀሰቅሳል። ልጄም ስትታመም እንደዚያው ተራ ገብተን ጠበቅናት፤ የሞተችው ሁለታችንንም እንቅልፍ በጣለን ሰዓት ነው። ባሌ ከመቃብሩ አፋፍ ቆሞ ‹ጌታ ሆይ፣ ደክሞህ ከሆነ ለምን አልቀሰቀስከንም? ተራህን ወስደን እንጠብቃት ነበር› አለ። ያለው ይኸው ነው።»

አንድ በአንድ እጆች ከጆሮ ወረዱ፤ በዚያ ዓመት ልጅ ያልቀበረ ጥቂት ነበርና ብዙው ሰው አንገቱን ደፋ።

«ሌላ አልጨመረም?» ብለው ዳኛው ወደ መቃብር ቆፋሪው ዞሩ።

«አልጨመረም ጌታዬ። እንዳለችው ነው።»

ውኃ ቀጂዋ ሳትጠየቅ «እኔስ ከሰው ነው የሰማሁት» አለች።

የሃይማኖት ሹሙ ፈጣሪ ይደክማል ማለት ስድብ አይደለም ወይ ብሎ ተከራከረ፤ ዳኛውም ስድብ መሆኑን አልካዱም። ብዙ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ዳኛው ተነሥተው፣ ሸክላ ሠሪው ልቡ በኀዘን ተሰውሮ ሳለ የተናገረው ነውና ይፈታ አሉ። ሚስቱ ግን ልቧ በቦታው ሳለ፣ ሕጉን እያወቀች፣ በችሎት ፊት ደግማዋለችና ሕጉ ይፈጸምባት አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከእርሷ ላይ አነሡ።

«ያልኩት እኔ ነኝ፤ የኔን ውሰዱ» እያለ ባሏ ከዘበኞቹ ጋር ታገለ። እርሷ አልተከራከረችም። ፈርታለች፤ ነገር ግን እጁን ሲፈቱት ዓይታ ሆዷ ትንሽ አረፈ።

ፍርዱ በዚያው ቀን ተፈጸመ።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ የዚያን ዓመት ነገር ሲያጠናቅር ለአዲሱ ድልድይ ምርቃት ብዙ ገጽ ሰጠ፤ ከሥሩም «አንዲት የሸክላ ሠሪ ሚስት በችሎት ፊት ፈጣሪን ተዳፈረች፤ ተቀጣችም» ብሎ አለፈ። ቃሉን መድገም ለእርሱም የተከለከለ ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ እርሱ ራሱ አብዝቶ የሚፈራውን ክፉ ቃል በዚያች ሴት አፍ ውስጥ አኖረ፤ ታሪኳም ለልጆች መገሠጫ ሆኖ ኖረ። ጸሐፊው ፈንጣጣውን አልጠቀሰም። ልጅ እንደ ነበረቻቸውም አልጻፈም።