መርከብ ደርሶዎታል

«እንግዲህ ውድ ወዳጄ ሆይ፣ መርከብዎ ወደብ ላይ ቆሞ እርስዎን እየጠበቀ ነው» አለች ሬዲዮ፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ድምጿን አወፍራ። «በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሙሉ ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎን፣ የእናትዎን ስምና የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ካልላኩልን ግን፣ በታላቅ ሐዘን መርከቡን ለጎረቤትዎ እንሰጣለን።»

የትምህርት ቤቱ ግቢ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ባሕር የሚባል ነገር በሌለበት ከተማ መርከብ የደረሰው ሰው የት ያቆመዋል ብላ ብትጠይቅ፣ አንዱ በሚኒ ሚዲያው ክፍል መስኮት አንገቱን አስግጎ ኳስ ሜዳው ላይ አላት። ሌላዋ ደግሞ የዳይሬክተሩ መኪና ተነስቶ እዚያ ይቁም ብላ ጮኸች። ሬዲዮ ሁሉንም በማይክ እየደገመች አስተላለፈች። የረቡዕ ረፍት እንዲህ ነበር የሚያልፈው።

ሬዲዮ እውነተኛ ስሟ አይደለም። አፏን ከፈታች ጀምሮ ዝም ብላ ስለማታውቅ ቤተሰቦቿ ያወጡላት ነው፤ ትምህርት ቤት ስትገባም ተከትሏት ገባ። «የሳምንቱ ቀጣፊ» የሚባለው ዝግጅት የዚህችው የዘጠነኛ ክፍል ለፍላፊ ፈጠራ ነው። ተማሪዎቹ ለእነሱም ሆነ ለወላጆቻቸው የሚላከውን የማጭበርበሪያ ኢሜይል ያመጡላታል፣ እሷ በቀጣፊው ድምፅ ታነበዋለች፣ ከዚያ ውሸቱ የቱ ጋ እንዳፈጠጠ አብረው ይለቅማሉ። ሳይቆርጡ ዕጣ የሚወጣላቸው፣ ዘመድ ሳይኖራቸው የሚወርሱ፣ ካልቸኮሉ ሁሉ ነገር የሚያመልጣቸው እነማን እንደሆኑ አሁን የሰባተኛ ክፍል ልጆች እንኳ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

በዚያ ሳምንት ግን ሬዲዮን ያስፈነደቃት ከመርከቡም የበለጠ ወሬ ነበር። የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ የሆኑት መምህር ሰኞ ዕለት ጠርተው፣ ከኤፍ ኤም ጣቢያ የወጣቶች ፕሮግራም አዘጋጅ ዓርብ እንደምትመጣ ነገሯት። ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ዝግጅት ታዳምጣለች፤ የወደደችውን በየሳምንቱ በእውነተኛ ሬዲዮ ታስተላልፋለች። ሬዲዮ በሬዲዮ! ልጅቷ ጮቤ ረገጠች። መምህሩ አክለው፣ ሴትዮዋ ስንት አድማጭ እንዳላቸው መጠየቋ አይቀርም አሉ።

«ማስረጃ እናቀርብላታለን» አለ ሽቦ። ሽቦ የድምፅ ማጉያውን የሚይዘው የክፍሏ ልጅ ነው፤ ስሙን ያመጣው ግን ሥራው ሳይሆን ቅጥነቱ ነው። ማክሰኞ እሱ አድማጮች የሚመዘገቡበት የኢንተርኔት ፎርም ሠራ፣ እሷ ማስታወቂያውን ጻፈች፣ የተማሪዎች ግሩፕ ላይ ለጠፉት። ሐሙስ ከሰዓት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሞልቶት ነበር። ሬዲዮ ቁጥሩን ደጋግማ አየችው።

ዝርዝሩን ለማሳተም ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እናቷ ከነፈች። እናቷ የምትሠራው ክሊኒክ ውስጥ፣ ማተሚያ ያለበት ካርድ ክፍል ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የበሽተኛ ካርድ የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ከሰው ጋር የሚያገናኘው አንዲት መስኮት ብቻ ናት። የሰፈሩ ሰው ምኑን እንደታመመ እናትየዋ ታውቃለች፤ ከእሷ አንዲት ቃል የሰማ ግን የለም። እከሊት መጥታ ነበር ወይ ብለው ጎረቤቶች ሲያወጣጧት፣ እኔ ካርድ እንጂ ሰው አላይም ትላለች። የሬዲዮ አክስት ማርገዟን ቤተሰቡ ያወቀው ሆዷ ሲገፋ ነው፤ ካርዱን ያወጣችላት ግን የገዛ እህቷ ነበረች።

ሬዲዮ የዝርዝሩን ሊንክ ለእናቷ ስልክ ላከችላት። እናትየዋ መነጽሯን አድርጋ ነካ ስታደርገው ዝርዝሩ ተዘረገፈ። ስም፣ ክፍል፣ ስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የእናት ስም፣ የቤት አድራሻ። በአውራ ጣቷ ወደ ታች እየገፋች አነበበች። አንዷ ልጅ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር፣ ከሰዓት ብቻዬን ነኝ» ብላ ሁሉ ጽፋለች።

«እኔን ማን ብሎ ነው የከፈተልኝ?» አለች እናቷ።

ሬዲዮ አልገባትም።

«ስነካው ተከፈተ። ማነሽ አላለኝም። እዚህ ካርድ የሚጠይቀኝን እኮ ማን ነህ እላለሁ።»

ሬዲዮ ልትከራከር ሞከረች። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ወደው ነው የሞሉት አለች። የትውልድ ቀኑ በልደታቸው እንኳን ተወለዳችሁ ለማለት ነው። የእናት ስም ለምን እንዳስፈለገ ግን አላወቀችም፤ ሽቦ ፎርም ላይ ሁሌም አለ ብሎ ነው ያስገባው። እናቷ አልተቆጣችም። ምን ብላችሁ እንደጠየቃችኋቸው እስቲ አንብቢልኝ ብቻ አለቻት።

ሬዲዮ ስልኳን አወጣች። ከልማድ የተነሳ ድምጿ በራሱ ወፈረ፤ ሳታስበው ማስታወቂያውን በመርከቡ ሰውዬ ድምፅ ጀመረችው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ውድ አድማጮቻችን፣ ለልዩ ሽልማት ታጭታችኋል! ዕድሉ የሚቆየው እስከ ሐሙስ ብቻ ነው! ሙሉ ስማችሁን፣ የትውልድ ቀናችሁን፣ የእናታችሁን ስም፣ ስልክና አድራሻችሁን ፈጥናችሁ ሙሉ! ያልሞላ ይቆጨዋል!»

መስኮቷ ጋ ካርዳቸውን ሲጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሳላቸውን ገታ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እንዳትመልሺላቸው» አሏት በደግ ድምፅ። «እኔንም እንዲሁ ጽፈውልኝ ነበር። ሌቦች ናቸው።»

ሬዲዮ ክው አለች። እሺ አባባ ብቻ አለች፤ ያቺ አፏን የማትከድን ልጅ። ጆሮዋ ጋለ። እናቷ የሽማግሌውን ካርድ ሰጥታ ሸኘቻቸውና መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፤ ሳቋን አምቃ ስታበቃ ዕንባዋ መጥቶ ነበር። ከዚያ ሬዲዮም ሳቀች። ሰማያዊው በር ግን ከፊቷ አልጠፋ አለ።

እዚያው ቆማ ለሽቦ ደወለችለት፤ ሊንኩን ወዲያው ዘጋው። ዝርዝሩን እናጥፋው ስትለው ግን ሽቦ ተቀየመ። ዓርብ ጠዋት ሚኒ ሚዲያው ክፍል ውስጥም እልሁ አልበረደለትም ነበር።

«አቦ፣ እኛ እኮ ሌባ አይደለንም» አላት። «ለሴትዮዋ አሳይተናት ወዲያው እናጠፋዋለን። ያለዚያ ምን ይዘን ነው የምንቀርበው?»

«የመርከቡ ሰውዬም ሌባ ነኝ አይልም» አለችው። «ለእኛ የሰጡንን ለማያውቋት ሴትዮ ልናሳይ?»

ሽቦ ፊቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞረ። እሷም ብትሆን ጣቷ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ቆየ። ያ ቁጥር ከጠፋ ሌላ ማስረጃ የላቸውም፤ ለአንድ ሳምንት ያለመችው እውነተኛ ሬዲዮ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ተጫነችው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ሽቦ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ።

አዘጋጇ ገብታ ጥግ ላይ ስትቀመጥ የረፍት ደወል ተደወለ። ሬዲዮ ማይኩን ሳበች። የዛሬው ቀጣፊ ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም ብላ ጀመረችና የራሷን ማስታወቂያ በዚያ በወፍራሙ ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበችው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ መልኩን ለወጠ፤ ከውጭ አንዱ «እኔ እኮ ሞልቻለሁ!» ሲል ተሰማ፣ ሌላውም እኔም አለ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ሬዲዮ፣ በራሷ ድምፅ። «ልዩ ሽልማት የተባለው የሽቦ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ የሚሠራውም በአንድ ጆሮ ነው። ዝርዝሩን አጥፍተነዋል። ሊንኩ ግን እስከ ትናንት ላገኘው ሁሉ ክፍት ነበር፤ ስለዚህ እናትሽ ልካኝ ነው የሚል ሰው ቢመጣ አትክፈቱ፣ የማታውቁት ሰው በስማችሁ ቢደውል አትመኑ። ለዚህ ይቅርታ። አሁን ሙድ ልትይዙብን ትችላላችሁ።»

ያዙባቸውም። መስኮቱ በአንዴ በጭንቅላት ተሞላ፤ የማዳመጫው ሌላኛው ጆሮ የታለ እያለ የሚጮኽ ሁሉ ተሰለፈ። ሽቦ ሳቁን መቋቋም አቅቶት ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሬዲዮ እንደዚያ ቀን በሥራዋ ደስ ብሏት አያውቅም።

ዝግጅቱ ሲያልቅ አዘጋጇ ስንት አድማጭ እንዳላቸው ጠየቀች።

«ጠዋት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩን» አለች ሬዲዮ። «አሁን ቁጥር የለንም።»

ሴትየዋ በመስኮቱ የሚንጫጫውን ሠራዊት አየት አደረገች። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣችና ከእስክሪብቶ ጋር ሬዲዮ ፊት አስቀመጠች። በፕሮግራሙ የሚቀርቡ ሁሉ የሚሞሉት የተሳታፊ ፎርም ነው አለች፤ መኪናው ስለሚጠብቃት ቶሎ ሞልታ ብትሰጣት ደስ ይላታል።

ሬዲዮ እስክሪብቶውን አፈፍ አድርጋ ስሟን ጻፈች። ከሥሩ የትውልድ ቀን ይላል። ከሥሩ የእናት ስም፣ ከሥሩ የቤት አድራሻ። ሽቦ ጻፊ እንጂ በሚል ዓይን ያያታል።

«ይቅርታ፣ የእናቴን ስም ለምንድን ነው የምትፈልጉት?» አለች።

አዘጋጇ ወረቀቱን አዙራ ፎርሙን እንደ አዲስ አነበበችው።

«እንጃ» አለች። «ሁሌም አለበት።»

ሬዲዮ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሳ ገጠመችው። ፎርሙን ለሁለት አጥፋ ደብተሯ መሃል ከተተችና፣ ከእናቷ ጋር አይታው ሰኞ እንደምታመጣው ለሴትየዋ ነገረቻት።