ውሃው ለቅዳሜ ተዘግቷል

«ዳክዬዎቹን ወደ መሃል አድርጊያቸው፤ ጥግ ጥጉን ከያዙ ፎቶ ውስጥ አይገቡም» አለች አክስቷ።

ሚጢጢ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ኩሬው ውስጥ ቆማለች። በእጇ ረጅም ዘንግ ይዛ፣ ፎቶ መነሳት ግድ የማይሰጣቸውን ዳክዬዎች ትገፋለች። ዳክዬዎቹ በኪራይ ከከተማ የመጡ ናቸው። «ሚጢጢ» ያሏት ሕፃን ሳለች ነው፤ አሁን ቁመቷ አባቷን ሊደርስ ምንም ባይቀረውም ስሙ አልለቅ ብሏታል።

ከኩሬው በላይ ቅድመ አያቷ በድንጋይ ያሠሩት ቤት አለ። ግንባሩ ላይ «የማኅበረሰብ ፈውስና የመሬት አደራ ቀን» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። አክስቷ ከተማ ሄዳ ቁስል እንዴት እንደሚፈወስ አጭር ሥልጠና ወስዳለች፤ ሥልጠና የወሰደ ሰው ደግሞ ቁስል ሳያገኝ አያርፍም። የዚህ እርሻ ቁስል ሩቅ የሚፈለግ አልነበረም። ውሃ ነው። ምንጩ የሚፈልቀው እነሚጢጢ መሬት ላይ ሲሆን፣ ኩሬውን ሞልቶ በቦይ ወደ ታችኞቹ ጎረቤቶች ይወርዳል። ቅድመ አያቷ ደስ ሲላቸው እየከፈቱ፣ ሲከፋቸው እየዘጉ፣ ሁለቱ ወገኖች ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ አርጅተዋል። ተራ የወጣው በአባቷ ጊዜ ነው፤ እስከ ረቡዕ ለላይኞቹ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ለታችኞቹ። ሐሙስ ጠዋት ውሃውን የሚዘጋውን ሳንቃ ከቦዩ አፍ ላይ ማንሳት የሚጢጢ ሥራ ነው።

በዚህ ሐሙስ ግን አላነሳችም። ለቅዳሜው ዝግጅት ኩሬው ሙሉ መሆን አለበት ተባለች። በውሃ የተጣሉትን ለማስታረቅ መጀመሪያ ውሃውን መዝጋት አስፈለገ ማለት ነው። ሚጢጢ የታችኞቹን ተራ ስታነሳ፣ «ለሁለት ቀን ማን ይሞታል?» አለች አክስቷ። አባቷ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ማሰሩን ቀጠለ።

አርብ ዕለት ክፍል ውስጥ ቀጭኔ ጠየቀቻት። ቀጭኔ የታችኞቹ ልጅ ናት፤ ስሙን ያወጣላት ቁመቷ ነው። ረጅም ስለሆነች ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ሚጢጢንም ወደዚያው ጎትታ ወስዳታለች። እናቷ የሽንኩርት ችግኝ ካዛወረች ገና ሳምንት አልሞላትም። ሥር ሳይሰድ ውሃ ካጣ አለቀለት። ውሃው ለምን ቀረ አለቻት።

እውነቱ የሚጢጢ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እውነቱ «ለዳክዬ ነው» የሚል ነበር፤ እንዲህ ያለውን እውነት ደግሞ ሰው አፉ ውስጥ ይዞት ያፍራል።

«ሳንቃው እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ ተጣብቆ አልነሳ አለ» አለች ሚጢጢ። «ሰኞ አናጢ ይመጣል።»

ቀጭኔ ተነፈሰች። ያ የድሮው ጸብ የተመለሰ መስሏት እንደነበር ነገረቻትና ብስኩቷን ለሁለት ሰብራ ትልቁን ግማሽ ሰጠቻት። ሚጢጢ በላችው።

ቅዳሜ የተጠሩት ታችኞች በእግር፣ እንግዶቹ ከከተማ በሚኒባስ መጡ። መሬቱ እንዲሰማቸው ጫማ አውልቁ ተባሉ። አንዲት ሴትዮ እሾህ ሲወጋት፣ አብሯቸው የመጣው የሚጢጢ አክስት አሠልጣኝ መሬቱ እያናገራት እንደሆነ አስረዳት፤ ሴትዮዋ እያነከሰች አመሰገነች። ሥርዓቱ ቀላል ነበር። ከላይኞቹ አንድ ሰው ከኩሬው በሳህን ቀድቶ፣ ከታችኞቹ ለአንዱ እጅ ያስታጥባል፤ ይቅርታም ይጠይቃል።

ለሚጢጢ የደረሰቻት የቀጭኔ እናት ነበረች። ሴትዮዋ የታጠበና የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳለች። ከኋላዋ ወንድሟ መዶሻና ብረት ይዞ ቆሟል። እጇን ዘርግታ እየታጠበች ወደ ሚጢጢ አክስት ዞረች።

«ወንድሜ አናጢ ነው። እስከ ሰኞ ምን አስጠበቃችሁ ብዬ ይዤው መጣሁ። ሳንቃውን አሁኑኑ ያላቅቅላችሁ።»

«የምን ሳንቃ?» አለች አክስቷ በደስታ። «ኧረ ምንም አልሆነም። ለዛሬ ብለን ነው የዘጋነው፤ ኩሬው እንዲያምር።»

አክስቷ የያዘችው ማይክሮፎን ክፍት ነበር። ያን ቀን ክፍት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

የቀጭኔ እናት የሚንጠባጠበውን እጇን አየች። ከዚያ በቀሚሷ ጠረገችው።

«እኛ እኮ ለመጠጥ ካስቀመጥነው በጣሳ እየቀነስን ነው ያጠጣነው» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ግማሹ ችግኝ እንኳ አልተረፈም።»

አሠልጣኙ ቁስሉ ሲናገር እንዲህ ነው ብሎ አጨበጨበ። እንግዶቹም ተከተሉት። አንዷ አለቀሰች፤ ጓደኛዋ ስታለቅስ ቀረጸቻት። የቀጭኔ እናትና ወንድሟ ጭብጨባው ሳያልቅ ቁልቁል ወረዱ። ሌሎቹ ታችኞችም ተከተሏቸው።

ቀጭኔ ግን መጥታ ሚጢጢ ፊት ቆመች።

«ሐቁን ብትነግሪኝ እኮ ማታውኑ መጥቼ ራሴ እከፍተው ነበር።»

«አክስቴ ናት እኮ…»

«አክስትሽ ምንም አልዋሸችኝም» አለች ቀጭኔ፤ እናቷን ተከትላ ሄደች።

አክስቷ ሁሉም ሰው ለፎቶ ኩሬው ዳር እንዲሰለፍ ጠራች። ሚጢጢ ሳህኑን ሣሩ ላይ አስቀምጣ በቤቱ ጀርባ ዞረች፤ ወደ ቦዩ አፍ ወረደች። ሳንቃው በአንድ እጅ ተነሳ። ውሃው እየገፋ ወጣ፤ ደረቁን ቦይ እያጨለመ ቁልቁል ሄደ። ከታች ማንም ብቅ ብሎ አላየም። ሽንኩርቱ ከሞተ በኋላ መድረሱን ታውቃለች፤ ቢሆንም ሳንቃውን ወደ ቦታው አልመለሰችውም።

ከላይ ጫጫታ ተሰማ። ኩሬው እየጎደለ፣ ጭቃው እየታየ ነበር። አባቷ እየሮጠ መጣ። እሷን፣ በእጇ ያለውን ሳንቃ፣ ክፍቱን የቦይ አፍ አየ። ከኋላው አክስቷና ስልካቸውን የያዙ እንግዶች እየተንጠባጠቡ ይመጣሉ።

አባቷ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ቀረበ።

«የታችኞቹ ልጆች ናቸው የከፈቱት በይ» አላት ቶሎ ብሎ። «እነሱ ላይ ማን ይፈርዳል? ተናደው ነው ይባላል፣ ያልፋል። በይ እሺ፣ ሚጢጢዬ።»

አክስቷ ደረሰች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ማን ነው አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሚጢጢ። «ሐሙስ የነሱ ተራ ነበር። የዘጋሁትም እኔ ነኝ።»

አባቷ ሳንቃውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።