ዛቡን ልቀቅለት

ፈረሱ ቁራ እንደ ልማዱ ሆዱን ነፍቶ ጠበቀው። ብራጊ የኮርቻውን ማሰሪያ አጥብቆ ሲጨርስ ፈረሱ የያዘውን ትንፋሽ እፎይ ብሎ ለቀቀ። ብራጊ እርካቡን ረግጦ ሊወጣ ሲል ኮርቻው ዞረና ሰውየው ከፈረሱ ሆድ ሥር ተዘረጋ።

«ገና ከግቢ ሳንወጣ?» አሉ አማቱ ኦድኒ፣ ከራሳቸው ፈረስ ላይ ሆነው። «እንዲህ ከሆንክማ ተራራው ላይ ስንት ጊዜ ልለቅምህ ነው?»

«ሆዱን ነፍቶብኝ እኮ ነው፣ እማማ!»

«እሱ ሁልጊዜ ይነፋል፣ አንተም ሁልጊዜ ትሸወዳለህ። አጥብቅ፣ ትንሽ አዙረው፣ እንደገና አጥብቅ። ስንቴ ልንገርህ?»

በመስኮቱ በኩል ሚስቱ ስቴይኑን ሆዷን ይዛ ትስቃለች። የተሰበረ እግሯ በሁለት ጣውላ ታስሮ በርጩማ ላይ ተጋድሟል። ሳቋን ሲሰማ ደስ አለው፤ ሌሊቱን ስታለቅስ ሰምቷታልና። የሸለቆው ሰው ሁሉ ተራራ ወጥቶ በጋውን የተለቀቁትን ፈረሶች ሰብስቦ ሲወርድ ፍም ብቻ አልተገኘችም። ፍም ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ዳማ ባዝራ ናት። የስቴይኑን አባት ካረቧቸው ፈረሶች የቀረችው እሷ ብቻ ስትሆን፣ ዘግይታ የወለደችው ውርንጭላም አብሯት አለ። በረዶ ከጣለ የተራራው ማለፊያ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ያ ውርንጭላ እዚያው ይቀራል።

ስቴይኑን «በአንድ እግሬም ቢሆን እወጣለሁ» ስትል «እኔ እሄዳለሁ» ያለው ብራጊ ነው። ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ።

ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ብራጊ የባሕር ሰው ነው፤ እስኪያገባ ድረስ ኮቴ ያለው ነገር የሚያውቀው ከሩቅ ነበር። አብረውት ዓሣ የሚያጠምዱት ጓደኞቹ ይህን ስለሚያውቁ፣ ሊስቁበት ብለው ለሠርጉ ይህን ጉራች ፈረስ ከወንዙ ማዶ ከሽማግሌው ግሪሙር በረት ገዝተው አመጡለት። ኦድኒ ደግሞ «መውጣቱ በኋላ ይደርሳል» ብለው አካፋ ሰጡት። ፋንድያ ዛቀ፣ ድርቆሽ ተሸከመ፣ ኮቴ እያነሳ ጠጠር ለቀመ፣ ጋማ አበጠረ። ቁራ እግሩን ረገጠው፤ አንድ ቀን ደግሞ ባርኔጣውን በላበት። ውሎ ሲያድር ግን ጠዋት የበረቱ በር ሲንቋቋ ፈረሱ ማሽካካት ጀመረ። ብራጊም ለማንም ሳይናገር ያን ድምፅ ለመስማት ሲል ማልዶ መነሳት ለመደ።

አልሆን ያለው መጋለቡ ነው። የዚያ አገር ፈረስ ሰጋር ነው፤ ሲሰግር ጀርባው ላይ ያለ ሰው ቤቱ የተቀመጠ ይመስለዋል። ብራጊ ሲቀመጥበት ግን ቁራ አንድ ቀን እንኳ ሰግሮ አያውቅም፤ ጥርስ በሚያራግፍ ሶምሶማ ያንገጫግጨዋል።

«ዛቡን አትጎትት፤ መልሕቅ አይደለም!» ይላሉ ኦድኒ ነጋ ጠባ። «ልቀቅለት!»

የልጓሙን ገመድ መልቀቁን ማን ጠላ? ከለቀቀ ግን የሚወድቅ ይመስለዋል።

ወጡ። ሸለቆው ከኋላቸው ጠበበና ጠፋ። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ከጎን ገፋቸው፤ ዝናቡ ፊታቸውን ገረፈው። ፈረሶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ኮቴያቸውን በድንጋዮቹ መሃል እየመረጡ ይወጣሉ። ብራጊ ዛቡን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጸልያል። ኦድኒ በዚያ ዕድሜያቸው በዝናብ ውስጥ ያንጎራጉራሉ።

ከአፋፉ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከበረዶ ግግሩ በኩል ነጭ ነገር እየተንከባለለ ይመጣል።

«ስማኝ» አሉ ኦድኒ፣ አሁን ሳይቀልዱ። «ጭጋጉ ከለያየን እንዳትመራመር። ዛቡን ልቀቅለት። ፈረስ ቤቱን ያውቃል።»

ጭጋጉ እንደ ብርድ ልብስ ወደቀባቸው። ወዲያው ብራጊ ከቁራ ጆሮ ወዲያ የሚያየው ነገር አጣ። «እማማ ኦድኒ!» ብሎ ጮኸ። መልስ የለም። ድጋሚ ጮኸ። የመለሰለት ሰው ሳይሆን ፈረስ ነው፤ ከግራ በኩል ቀጭን ማሽካካት ተሰማ። ቁራ ጆሮውን አቆመና ወደዚያው ነጎደ።

ፍም ነበረች። ነጩ ግንባሯ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ። ከጎኗ እግሩ ከሰውነቱ የረዘመ ውርንጭላ ተለጥፏል። ብራጊ ዕልል ሊል ምንም አልቀረውም። ከኪሱ የአጃ ዳቦ አውጥቶ ስሟን እየጠራ ሲጠጋት ግን መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ቀይ ድንጉላ ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ፣ ጥርሱን አግጥጦ መጣበት። ቁራ ወደ ጎን ዘለለ። ብራጊ ረግረጉ ላይ በጀርባው ወደቀ።

ድንጉላው ተመልሶ ዞረ። ብራጊ መሸሻ አልነበረውም። ተነሳና ሰፊውን የባሕር ካፖርቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ በማዕበል ቀን ከጀልባው ጫፍ እስከ ጫፍ በሚሰማው ድምፁ፦

«ሸራውን አውርዱ!» ብሎ አምባረቀ።

ድንጉላው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቶ አያውቅም። ባለበት ቀጥ አለ፤ አፍንጫውን ነፍቶ ይህ ክንፍ ያለው ፍጡር ምን እንደሆነ አሰላሰለ፤ ከዚያም ሥራ እንዳለበት ሰው ዞር አለ። ብራጊ ለፍም አፍሳር አጠለቀላትና ገመዱን ይዞ ቁራ ላይ ወጣ። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ማጥበቁን ያን ዕለት አልረሳም።

ከዚያስ? ከዚያማ የተነገረውን አደረገ። ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛቡን ለቀቀ። ቁራ አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ አየውና ቤቱን እንደሚያውቅ ፈረስ ያለ ማመንታት ጉዞ ጀመረ። ፍም ተከተለች፣ ውርንጭላው ተከተለ፣ ከሩቅ ድንጉላው እያጉረመረመ ተከተለ። የተበታተኑ ጅረቶች ተሻገሩ፣ ቁልቁለት ወረዱ። ብራጊ በርዶታል፣ ርቦታል፣ ግን ከደስታው የተነሳ ይዘፍናል።

ጨለምለም ሲል የመብራት ጭላንጭል አየ። ሣር የለበሰ ጣሪያ፣ የድንጋይ አጥር፣ በረት።

«ስቴይኑን!» ብሎ ጮኸ። «የኔ እመቤት! ድስቱን ጣጂ! ይዣቸው መጣሁልሽ!»

በሩ ተከፈተ። ረጅም የሱፍ የውስጥ ሱሪ የለበሱ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ፋኖስ ይዘው ወጡ።

«ድስቱስ ተጥዷል» አሉ ግሪሙር። «እመቤትህ ግን እኔ አይደለሁም።»

ቁራ አፍንጫውን በሽማግሌው ብብት ውስጥ ቀብሮ ያንኮራፋል። ብራጊ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ፈረስ ቤቱን ያውቃል፤ ይህ ፈረስ ደግሞ የተወለደው እዚህ ነው። እነዚያ የተሻገራቸው ጅረቶች ወንዙ ራሱ ነበሩ፣ ከላይ ገና ሳይሰበሰብ። እርጥብ ልብሱ እስኪንጠባጠብ ድረስ ቆሞ ሳቀ፤ ሌላ ምን ያድርግ?

ግሪሙር አስገቡት፣ አደረቁት፣ በጭስ የደረቀ የበግ ሥጋ በቅቤ አበሉት። ከዚያ ክንዳቸውን አጣጥፈው፦

«ባዝራዋና ውርንጭላው እዚህ ይከርማሉ» አሉ። «ከድንጉላዬ ጋር ግቢዬ የገባ ፈረስ በረዶው እስኪቀልጥ የእኔ ነው። ደንብ ነው።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«እኔ። አሁን።»

«ጋሽ ግሪሙር፣ ሚስቴ እያለቀሰች ነው የተውኳት።»

የሽማግሌው ፊት ቀላ። «እኔስ? ቁራ ከዚህ ሲሄድ ማን አባበለኝ? ጓደኞችህ ‹ለትልቅ ፈረሰኛ ነው› ብለው አታለሉኝ! በኋላ ሰዎች ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ያንተን ሰጋር አንዱ ዓሣ አጥማጅ እንደ መረብ እየጎተተው ነው።› እንቅልፍ አጣሁ!»

«እውነት ነው» አለ ብራጊ።

«እንግዲያው ጠዋት ቁራ ላይ ሆነህ ከደጄ እስከ ወንዙ ትሄዳለህ» አሉ ግሪሙር። «በአንድ እጅህ አጓት የሞላ ኩባያ ትይዛለህ። ካላፈሰስክ ሁሉንም ይዘህ ተሻገር። ካፈሰስክ ፍምም፣ ውርንጭላውም፣ ቁራም እዚህ ይቀራሉ። አንተን በትከሻዬም ቢሆን አሻግርሃለሁ።»

ሲነጋ ላይኛው ተራራ ነጭ ለብሶ ታየ። በመጣበት መመለስ ቀረ፤ ያለው መንገድ ወንዙ ብቻ ነው። ብራጊ ቁራን ፋቀው፣ ኮቴውን አጸዳ፣ ጆሮው ውስጥ «አደራህን» አለው። ግሪሙር ኩባያውን እስከ አፉ ሞልተው ሰጡት።

የመጀመሪያው እርምጃ ላይ አጓቱ ከጠርዙ ጋር ተናነቀ። አሁን ሶምሶማው ይጀምርና አለቀልኝ አለ ብራጊ በልቡ። በሁለት እጁ እንዳይጎትት አንዱ እጁ ተይዟል። ኩባያውን እንዳያይ ደግሞ ባሕር ላይ የተማረው አለ፤ ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሩቅ እንጂ እጁን አያይም። ቀና ብሎ ወደ ማዶ ተመለከተ።

ከወንዙ ማዶ አንዲት ትንሽ ሴት ፈረሷን ይዛ ቆማለች። ኦድኒ ናቸው። እሱን በዳርቻው አልነበረም የሚፈልጉት፤ ዓይናቸው ውኃው ላይ ነበር። ሬሳውን እየፈለጉ ነው።

«እማማ ኦድኒ!» ብሎ ጮኸ። «አለሁ! አለሁ!»

ሌላው ሁሉ ጠፋው። ጉልበቱ ላላ፣ ወገቡ ኮርቻው ውስጥ ተቀመጠ፣ ዛቡ ረገበ። ቁራ አንገቱን አነሳ። የሆነ ነገር ከብራጊ ሥር ተለወጠ፤ መንገጫገጩ ቀረ፣ የአራት ኮቴ ፈጣን ምት ብቻ ተሰማ፣ ሣሩ በሁለቱም በኩል ነጎደ። ብራጊ እየሰገረ መሆኑን ያወቀው እንባው ወደ ጆሮው ሲፈስ ነው። ስለዚያ ነገር ብዙ ሲነገር ሰምቷል፤ ማንም ግን ይህን ያህል እንደሚያስደስት አልነገረውም።

ወንዙ ጋ ግሪሙር ፍምን ከነውርንጭላዋ እየሳቡ ደርሰው ኩባያውን ተቀበሉ። አዩት። አንዴ ፉት አሉ።

«ጎድሏል» አሉ።

«አሁን እርስዎ ጠጥተውት!»

«እሱን ማለቴ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ጢማቸውን እየጠረጉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ሂድ፣ አንተ ፈረሰኛ። ፍምን ከላይ በኩል አድርጋት፣ ውኃውን ትስበርለት። ውርንጭላውን መሃል አስገባ። አንተ ከታች።»

የበረዶ ውኃ ነው፤ ሲገቡበት አጥንት ድረስ ያቃጥላል። መሃል ላይ መሬቱ ከኮቴ ሥር ጠፋና ፈረሶቹ ዋኙ። ውርንጭላው በእናቱ ኋላ ተንሸራተተ፤ ትንሿ ጭንቅላቱ ሰጠመች፣ ወጣች፣ ወደ ታች ተወሰደች። ብራጊ አላሰበም። ዛቡን በሙሉ ለቆ ወደ ጎን ተዘረጋና በሁለት እጁ የውርንጭላውን አጭር ጋማ ጨበጠ። «ሂድ ቁራ! ሂድ ወንድሜ!» ቁራ ደረቱን ለውኃው ሰጠ። ብራጊ ክንዱ ሊነቀል ደረሰ፣ ግን አልለቀቀም። ኮቴዎቹ ጠጠር ነኩ፤ ሁሉም እየተንጠባጠቡ ዳርቻው ላይ ወጡ።

ኦድኒ ሮጠው መጡ። እግሩን አቅፈው ጉልበቱ ላይ ግንባራቸውን ደገፉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ቀና ሲሉ ግን ያው ኦድኒ ናቸው።

«ዛቡን ልቀቅለት፣ ቤትህ ይወስድሃል አላልኩህም ነበር?»

«ለቀቅኩለት! ወሰደኝ እኮ! ቤቱ!»

አማቱ ወደ ማዶ አዩ፤ ግሪሙር በውስጥ ሱሪያቸው ቆመው ኩባያ ያወዛውዛሉ። ነገሩ ሲገባቸው እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ፤ ላለመውደቅ የኮርቻውን ቀንድ መያዝ ነበረባቸው።

ግቢው ሲደርሱ በረዶው መጣል ጀምሯል። ስቴይኑን ምርኩዟን ጥላ ፍም አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እርጥቡን ውርንጭላ በቀሚሷ አሸችው፤ አለቀሰች፣ ሳቀች። ኦድኒ ድርቆሽ አፈሰሱላቸው።

«ና ውረድ እንጂ!» አለችው ስቴይኑን። «ትታመማለህ፣ ደረቅ ልብስ አለ፣ ሾርባ አለ። ተጎድተሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አትወርድም?»

ብራጊ ዛቡን በሁለት ጣቱ እንደ ዋዛ ይዞ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ እንደሆነ፣ የቁራን አንገት መታ መታ አደረገው።

«አንዴ ልዙር» አለ። «አንዴ ብቻ ግቢውን ልዙርና እወርዳለሁ።»

በረዶው ውስጥ እየሰገረ ዞረ። አንዴ ያለው አምስት ሆነ፣ ሾርባውም ቀዘቀዘ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን በሩ ላይ ተደጋግፈው ቆመው ማናቸውም ና ግባ አላሉትም።