በሩን ሦስት ጊዜ የለካው ሰው

አንድን በር ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው ሰበብ እየፈለገ ነው። ልጅቷ እንዲህ ብላ ነው የጠረጠረችው። መቼስ ጓደኞቿ «መርማሪዋ» ያሏት በከንቱ አይደለም።

ባለፈው ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ከተማው ማዶ ነበር። ከፈተና ወጥታ እየሮጠች ብትደርስ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ምርጫ ጣቢያ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት ስምንት መቶ ፊርማ ሰብስባ አመለከተች። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱም ቤተ መጻሕፍቱን አይቶ እንዲወስን ይህን ሜትር የያዘ ወጣት ላከ።

«ምነው፣ በሩ እስኪያድግ እየጠበቅህ ነው?» አለችው።

«እንዳልሳሳት ብዬ ነው፤» ብሎ ቀና አለና ዓይኗን ሲያገኘው ዓይኑን ሰበረ።

ዓይኑን ይሰብራል ደግሞ! ምን ቢደብቅ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ አለች በሆዷ።

በማግስቱ ወንበር ሊቆጥር መጣ። በሦስተኛው ቀን የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫውን ሊያይ መጣ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሰልፉ የት እንደሚቆም ሲነጋገሩ ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሁለቱም ፈቀቅ አላሉም። ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ይበልጥ ጠረጠረችው።

ከዚያ ወዲያ ቀረ። ሳምንት ጠብቃ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለች።

«ፋይሉን መልሷል፤ እስከ ዓርብ ካልተወሰነ ማመልከቻው ውድቅ ነው፤» አሏት።

«አላልኩሽም?» አለቻት ታላቅ እህቷን። «ሊያጓትተን ነው የተላከው! እኔ ሞኟ ደግሞ ስቄለት!» አለቀሰች። ለቅሶው ግን ለምርጫ ጣቢያው ብቻ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ከጽሕፈት ቤቱ መጡ። በሩን አንድ ጊዜ ለኩ፣ መወጣጫውን ረገጡ፣ ፈረሙ።

«ተፈቅዷል።»

ልቧ በደስታ ዘለለ። ግን አላስቻላትም። «ያኛው ልጅስ? ለምን ተወው?»

ሴትዮዋ ሳቃቸውን እንደምንም ዋጡት። «አመልካች ፋይሏን የማየት መብት አላት፤» ብለው አንዲት ወረቀት አቀበሏት።

«ልቤ ለአመልካቿ ስላደላ የእኔ ውሳኔ ሊታመን አይገባም። ሌላ ሰው ይመደብልኝ» ይላል። ፊርማው አለ፤ የአለቃው ማኅተምም አለ።

እሷ እሱን ስትጠረጥር፣ ለካስ እሱም ራሱን ጠርጥሮ ኖሯል።

በምርጫው ቀን ሰልፉ ደረጃውን አልፎ እስከ ግቢው በር ደረሰ። ድምፅ ሰጥታ፣ ጣቷን የምርጫ ቀለም ተቀብታ ስትወጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየችውና እየሮጠች ሄደች።

«እውነቱን ንገረኝ፤ አንድ በር ስንት ጊዜ ነው የሚለካው?»

«አንድ ጊዜ፤» አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

መርማሪዋ ሳታጣራ አመነችው። እጁንም ያዘችው።

«ቀለሙ አልደረቀም እኮ፤ ይነካኛል፤» አለ።

«ይንካህ!»