የሲንድሬ መልእክቶች

የኮምፒውተር ባለሙያው ኤስኪል የተገኘው በኦሌሱንድ የዓሣ መረብ ፋብሪካ ሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ ነው። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል። ገዳዩ በሩን ከውጭ በእንጨት ወጥሮ፣ አየር የሚያሳጣውን የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ለቆበታል።

መርማሪ ኢንገቦርግ አስከሬኑን ሸፍና አስወጣችው። ለሠራተኞቹ «ሞቷል» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም።

ኤስኪል በድርጅቱ ኢሜይል መግቢያ ላይ የጥበቃ ማሽን ለመትከል ሲያቅድ ነበር፤ እያንዳንዱ መልእክት በእርግጥ ከየት እንደተነሳ የሚለይ ማሽን። ሙከራውን የጀመረው በሞቱ ዋዜማ ነው። በእቅዱ ላይ ከእርሱ ጋር የመከሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቶርላይፍ ቢሮው ሆኖ በእርጋታ መለሰላት።

«እኔማ ደግፌዋለሁ። የውጩን መልእክት ይመርምር፣ የቤታችንን ይተወው አልኩ እንጂ።»

የሽያጭ ኃላፊዋ ሶልፍሪድ ግን በዋና ሥራ አስኪያጇ በራግንሂል ፊት ጮኸች። «አዎ፣ ተጣልቼዋለሁ! የደንበኞቼን መልእክት ሊያግድብኝ ነበራ!»

የራግንሂል ስልክ ጮኸ። የሴትዮዋ ፊት በራ።

«ልጄ ነው፤ ሲንድሬ። ባሕር ላይ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ሁሉም ሞቷል ይላሉ፤ እሱ ግን ይጽፍልኛል።» አነበበች፦ «‹እማዬ፣ ያ ምስኪን በሩን እየደበደበ መሞቱ አሳዘነኝ። መርማሪዋን አትፍሪያት።›»

ኢንገቦርግ ወጥታ ማሽኑን ከምትመረምረው የፖሊስ ባለሙያ ጋር ተነጋገረች። ስትመለስ ቶርላይፍን አስጠራችው።

«ኤስኪል በሩን መደብደቡን የምናውቀው እኔና ገዳዩ ብቻ ነን» አለች። «መልእክቱ የእኔን መምጣት ያውቃል፤ ስለዚህ ዛሬ የተጻፈ ነው። ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች አጠገቤ ነበሩ። ማሽኑ ደግሞ መልእክቱ የተነሳው ከዚሁ ሕንፃ፣ ከእርስዎ ቢሮ ነው ይላል።»

«ማሽኑ ጠፍቷል!» አለ ቶርላይፍ።

«መጥፋቱን ካወቅህ፣ ገመዱን የነቀልከው አንተ ነህ ማለት ነው። ጠዋት መልሰን ሰካነው። ኤስኪል የሲንድሬ መልእክት ከየት እንደሚመጣ ደርሶበት መጥቶ ጠየቀህ። ‹የቤታችንን ይተወው› ያልከውም ለዚሁ ነበር።»

ራግንሂል ወንበሯን ጨበጠች። «የባሌ ወንድም አይደለህ? ለምን?»

«ወንድሜ ሲሞት ወንበሩ የእኔ ነበር። አንቺ ተቀመጥሽበት። ከሙት ልጅ መልእክት የምትቀበል ሴት ግን ብዙ አትቀመጥበትም» አለ ቶርላይፍ ፈገግ ብሎ። «ልጅ ሰጠሁሽ እኮ። የነጠቀችሽ እሷ ናት።»

ፖሊሶቹ ካቴና አስገቡለት። ራግንሂል መንገዱን ዘጋችበት።

«ቀጥሎ ምን ልትጽፍልኝ ነበር?»

«ተይው፣ ራግንሂል!» አለች ሶልፍሪድ እያለቀሰች።

«‹እየመጣሁ ነው፤ ወደቡ ላይ ጠብቂኝ።›» አለ ቶርላይፍ።

ይዘውት ወረዱ። ራግንሂል ካፖርቷን ለበሰች፤ በወደቡ በኩል ባለው በር ወጣች።